የሆላንድ ሠዓሊዎች አንዱ ከሌላው ምን ወሰደ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሥዕሎች መሃል ትንሽ የዞረ ሰው «ይቺን ሴትዮ ቅድም አላየኋትም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)።

የዕለት ኑሮ ሥዕሎች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? ሠዓሊዎቹስ እነማን ናቸው?

ንጉሥ የለባቸውም፣ ቅዱስ የለባቸውም፣ ጦርነትም የለባቸውም። ያለችው ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ናት። ወይም ወተት የምታንቆረቁር የቤት ሠራተኛ። ወይም ብርጭቆ እየሞላ ሴት የሚያግባባ ወታደር፣ የታመመች ወጣት የልብ ትርታ የሚያዳምጥ ሐኪም፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቫዮሊን የሚጫወት መንገደኛ። ሰዎች በቤታቸው ሲኖሩ የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው። የሥነ ጥበብ ሰዎች ዣንር ይሏቸዋል።

እዚህ የምናወራው በተለይ ከ1650 እስከ 1675 ባለው ጊዜ ስለሠሩት ነው። ጌራርድ ቴር ቦርክ ዴቨንተር ይኖር ነበር። ጌሪት ዳውና ተማሪው ፍራንስ ቫን ሚሪስ ላይደን ነበሩ። ዮሃንስ ቬርሜር ዴልፍት። ፒተር ደ ሆኽ ከዴልፍት፣ ጋብሪኤል ሜትሱ ደግሞ ከላይደን ወደ አምስተርዳም ሄዱ። ኒኮላስ ማስ የዶርድሬክት ልጅ ነው። ያን ስቴን ከተማ ሲቀያይር ኖረ። ስሞቹ ከበዙባችሁ ቴር ቦርክን፣ ዳውንና ቬርሜርን ብቻ ያዙ፤ የቀሩት በነሱ ዙሪያ ይመጣሉ።

እውነት ይኮራረጁ ነበር ወይስ ዘመናቸው አንድ ስለሆነ ነው የተመሳሰሉት?

ሁለቱም አለበት። ማንበብና መጻፍ የተስፋፋበት፣ ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚላላክበት አገር ነበር። ስለዚህ ሁለት ሠዓሊዎች ደብዳቤ የምታነብ ሴት ቢስሉ ምንም አይገርምም። ርዕሱ የማንም አይደለም።

መጠርጠር ያለብን አቀማመጡ ሲገጥም ነው። ሴትየዋ ወዴት ዞራ ቆመች? ብርሃኑ በየት በኩል ገባ? ጠረጴዛው ከሥዕሉ ጠርዝ ምን ያህል ራቀ? ከኋላ የተከፈተው በር ምን ያሳያል? እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ነገሮች ባንድ ላይ ሲገጥሙ አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። በ2017 የፓሪሱ ሉቭር፣ የደብሊኑ ብሔራዊ ጋለሪና የዋሽንግተኑ ብሔራዊ ጋለሪ አንድ ትልቅ ዐውደ ርዕይ በጋራ አዘጋጅተው ነበር። በየአገሩ ተበትነው የኖሩ ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቀሉ። ያኔ ለብዙ ሰው ነገሩ ፍንትው አለለት። እነዚህ ሰዎች የየብቻቸው ሊቆች ብቻ አልነበሩም፤ እርስ በርስ የሚጠባበቁ፣ የሚፎካከሩ ባለሙያዎች ነበሩ።

በትክክል ምን ምኑን ነው የሚወስዱት?

አንዳንዴ አንድ ሰው ብቻ። አንዳንዴ የክፍሉን አሠራር። አንዳንዴ ደግሞ ሙሉውን ሐሳብ። በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ የዳው መስኮት ነው። ዳው በወጣትነቱ ከሬምብራንት ተምሯል። በኋላ የራሱን መላ አመጣ። የድንጋይ መስኮት ይስላል፤ ሰው ከመስኮቱ ውስጥ ወደ እኛ ብቅ ይላል። ደፉ ላይ ጎመን ወይም የመዳብ ድስት ይቀመጣል፣ ከላይ ታርዶ የተነጨ ዶሮ ይንጠለጠላል። ዕቃው ከሥዕሉ ወጥቶ እጃችን ላይ የሚወድቅ ይመስላል። ከመስኮቱ በታች ብዙ ጊዜ ከፍየል ጋር የሚጫወቱ ሕፃናት ተቀርጸው ይታያሉ። እሱም ቢሆን ከቀራጺው ፍራንሷ ዱኬኖይ የተወሰደ ነው። የተወደደው መስኮት ራሱ ውሰት ነበረበት ማለት ነው።

ይሄ መስኮት ከዳው እጅ ወጥቶ አገር ለአገር ዞረ። ቫን ሚሪስ በ1663 አረፋ የሚነፋ ልጅ አስቀመጠበት። በዚያው ዓመት ቫን ሚሪስ በቀቀን የምትመግብ ሴት ሣለ፤ ያቺም ሥዕል ተወደደች። ከሦስት ዓመት በኋላ ካስፐር ኔትሸር በቀቀን የምትመግብ ሴት ሠራና የድንጋይ መስኮት ውስጥ አቆማት። ወፏ ከቫን ሚሪስ፣ መስኮቱ ከዳው፣ የልብሱ አሠራር ደግሞ ከገዛ መምህሩ ከቴር ቦርክ። ሦስት ምንጭ በአንድ ትንሽ ሥዕል ውስጥ። ግን ስታዩት የተጣጣፈ አይመስልም። የኔትሸር ችሎታ እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ተወዳጅ ነገር በር ነው። ማስ በ1655 በሣለው አንድ ሥዕል የቤት ሠራተኛዋ ዕቃው ሳይታጠብ እንቅልፍ ጥሏታል፤ ድመቷ ከኋላዋ የተነጨውን ዶሮ ይዛ ልትሄድ ነው፤ በበሩ በኩል ደግሞ እንግዶቹ በሌላ ክፍል ሲበሉ ይታያሉ። ደ ሆኽ ይህን «ክፍል ከክፍል ወዲያ» የሚባል ነገር ሙያው አደረገው። ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ መንገድ ዓይናችንን እየመራ ያወጣናል።

ይሄ ታዲያ ስርቆት አይደለም?

በዘመኑ ሚዛን አይደለም። ሠዓሊ የሚሆን ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በመቅዳት ነው። መጀመሪያ የሌላ ሰው ንድፍ ይገለብጣል፣ ቀጥሎ የመምህሩን ሥዕል። በ1604 ስለ ሠዓሊዎች ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ካሬል ቫን ማንደር ለወጣቶች እንዲህ የሚል ምክር አለው፦ ሥራ ሥር በደንብ ከተቀቀለ ጥሩ ሾርባ ይወጣዋል። የሰው ውሰዱ ነው የሚላቸው፤ ግን አብስሉት። ጥሬውን ካቀረባችሁት ያስነውራል።

ውሰትና ማጭበርበር ግን አይምታቱባችሁ። ሰዎቹ ልዩነቱን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1670ዎቹ መጀመሪያ የአምስተርዳሙ የሥዕል ነጋዴ ኸሪት ኡይለንቡርክ ለብራንደንቡርግ መስፍን 13 የጣሊያን ሥዕሎች ሸጠ። መስፍኑ 12ቱን አስመስሎ የተሠሩ ናቸው ብሎ መለሰ። ክርክሩ ሲከር ከተጠሩት ባለሙያዎች አንዱ ቬርሜር ነበር። ዘ ሄግ ድረስ ሄዶ አየና የማይረቡ ናቸው ብሎ መሰከረ። ከባልደረቦቹ ሐሳብ ሲወስድ የኖረ ሰው ነው ይህን የፈረደው። ለሱ ሁለቱ ጨርሶ የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ለእኔም እንደዚያው ናቸው።

በተለያየ ከተማ እየኖሩ አንዱ የሌላውን ሥራ የት አየው?

አገሩ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ትራንስፖርቱ የሚገርም ነበር። ከ1632 ጀምሮ በየቦዩ ዳር ፈረስ የሚጎትታቸው የሕዝብ ጀልባዎች ሰዓታቸውን ጠብቀው ይመላለሱ ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር ከአምስተርዳም ሃርለም ነው። ከዴልፍት ላይደን የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ጠዋት ወጥቶ የዳውን ሥራ አይቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል።

ሥዕሎቹም በየቦታው ይታዩ ነበር። በ1665 ላይደን ውስጥ ዮሃን ደ ቢዬ የተባለ ሰብሳቢ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ ከ20 በላይ የዳው ሥዕሎችን ለሕዝብ አሳየ። በ1663 ፈረንሳዊው መንገደኛ ባልታዛር ደ ሞንኮኒ ዴልፍት ቬርሜር ዘንድ ሄደ፤ ሠዓሊው ቤት የሚያየው ሥዕል አላገኘም፤ አንዱን ዳቦ ጋጋሪ ቤት አየ፤ ዋጋውም በጣም ተወዷል ብሎ ጻፈ። ላይደን ሄዶም የዳውንና የቫን ሚሪስን ሥራ አይቷል። እንዲህ ያለ ሰው በየስቱዲዮው ሲገባ ወሬ ይዞ እንደሚገባ አስቡት። «እገሌ እንዲህ ያለ ነገር ጀምሯል» ይላል።

ቬርሜር ራሱ ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፤ እንደ አባቱ ሥዕል ይነግድ ነበር። ስለዚህ የሌሎች ሥራ እጁ ላይ ያልፋል። ከቴር ቦርክ ጋር መገናኘታቸውን ደግሞ ወረቀት ይመሰክራል። ሚያዝያ 22 ቀን 1653 ዴልፍት ውስጥ አንድ ውል ላይ ሁለቱም ፈርመዋል። ቬርሜር ካገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ምን እንዳወሩ የጻፈ የለም፤ ግን 20 ዓመቱን ገና ያለፈው ሙሽራ ከታዋቂው ታላቁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ጀርባዋን የሰጠችው ነጭ ሳቲን ለባሽ ለምን በየሥዕሉ ትመጣለች?

የቴር ቦርክ ልጅ ናት ብንል ይቀላል። በ1654 አካባቢ የሠራት ሥዕል አሁን አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ውስጥ አለች፤ ሌላዋ ቅጂ በርሊን ነው ያለችው። አንዲት ወጣት ቆማለች። ፊቷን አናይም። የምናየው አንገቷን፣ ከኋላ የተጠቀለለ ፀጉሯንና ብርማ ነጭ ቀሚሷን ነው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ወታደር እጁን አንሥቶ ይናገራል። አጠገቡ ያለችው ሴት አቀርቅራ ወይኗን ትጠጣለች። ከኋላ ቀይ መጋረጃ ያለው አልጋ አለ።

ቀሚሱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቴር ቦርክ ሳቲኑን በአንድ ነጭ አልቀባውም። ጨርቁ በታጠፈበት ሁሉ ግራጫው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ስለታም ነጭ መስመር ብልጭ ይላል። ጨርቁ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ የሚሰማችሁ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ሆላንድ ውስጥ ሳቲን እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አልነበረም። ጥያቄው ግን ፊቷ ላይ ነው። ወታደሩ የተናገረውን ሰምታ ሣቀች? አፈረች? ተቆጣች? ጀርመናዊው ጎተ በ1809 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አባት ሴት ልጁን ሲገሥጽ ነው ብሎ ገልጾታል። ዛሬ ብዙዎች የሚያዩት የሚያግባባ ወንድ ነው። አንዲት የዞረች ፊት ይህን ሁሉ ትርጓሜ ትሸከማለች።

ሌሎቹን የሳበውም ይሄው ይመስለኛል። ተማሪው ኔትሸር ሥዕሉን በ1655 እንዳለ ቀዳው። ባይገርማችሁ፣ ዋናው ከዚያ በፊት እንደተሠራ የምናውቀው በዚህ ቅጂ ምክንያት ነው። ቴር ቦርክ ራሱ ሴትየዋን በሌሎች ሥዕሎቹ መልሶ አቆማት። የሮተርዳሙ ያኮብ ኦክተርቬልት ወሰዳት። ቬርሜርም በብሪታንያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ስብስብ ውስጥ ባለችው የሙዚቃ ትምህርት ሥዕሉ ላይ ሴቷን በጀርባዋ አቁሟታል። እሱ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ከመሣሪያው በላይ መስታወት ሰቀለ፤ ፊቷ እዚያ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ቴር ቦርክ የከለከለንን ቬርሜር በግማሽ ሰጠን።

ቬርሜር ከሁሉም የተለየ አልነበረም እንዴ? እሱም ከሰው ይወስዳል?

ይወስዳል፤ በደንብ አድርጎ። ደብዳቤ የምትጽፈው ሴት ከቴር ቦርክ ናት። ቴር ቦርክ በ1655 አካባቢ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ የምትጽፍ ሴት ሥሎ ነበር፤ ቬርሜር ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የራሱን ሠራ። እሱ ግን ሴትዮዋን ቀና አድርጎ ወደ እኛ እንድታይ አደረጋት። ጥግ ላይ ያለ ክፍል፣ በግራ መስኮት፣ የሸክላ ንጣፍ ወለል፣ ወይን የሚጠጡ ሰዎች ደግሞ ከደ ሆኽ ነው። ደ ሆኽ እንዲህ ያሉ ክፍሎችን በ1658 አካባቢ ሲሠራ ነበር።

የሚያስደስተኝ ንጽጽር በርሊን ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ሥዕሎች የሚገኙት በአንድ ሙዚየም ነው። ቫን ሚሪስ በ1662 አካባቢ መስታወት ፊት የቆመች ሴት ሣለ። ትንሽ፣ ጨለም ያለች፣ እያንዳንዱ ነገር በቀጭን ብሩሽ የተለቀመባት ሥዕል ናት። የቬርሜርም ሴት መስታወት ፊት ቆማለች፤ የዕንቁ ሐብሏን ክር በሁለት እጇ ይዛ ታያለች። እሷና መስታወቱ መሃል ግን ምንም የለም። ባዶ ነጭ ግድግዳ ብቻ። የሥዕሉ ግማሽ ያህል በብርሃን የተሞላ ግድግዳ ነው።

ያ ባዶነት በድንገት አልመጣም። ምርመራ እንዳሳየው ቬርሜር መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ሥሎ ነበር፤ ወንበሩ ላይም የክር ሙዚቃ መሣሪያ ነበር። ሁለቱንም መልሶ ሸፈናቸው። በ2022 ራይክስሙዚየም ወተት የምታንቆረቁረውን ሴት ሲመረምርም ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ ከጭንቅላቷ ኋላ የማሰሮ መስቀያ ነበር፣ እሱም ተነሥቷል። ሌሎቹ የወሰዱት ላይ ይጨምራሉ። ቬርሜር የወሰደው ላይ ይቀንሳል። በእኔ እምነት ከየትኛውም ነገር በላይ እሱን እሱ ያደረገው ይሄ ነው። ሐሳቡን ማን አመጣው ከሚለው ይልቅ ተቀባዩ ምን አስወጣ የሚለውን ብትጠይቁ ብዙ ታያላችሁ።

ከቬርሜርስ የወሰደ አለ?

አለ፤ ሜትሱ። ደብሊን ውስጥ ጥንድ ሥዕሎቹ አሉ፣ ከ1664 እስከ 1666 ባለው ጊዜ የተሠሩ። በአንደኛው ወጣት ወንድ ክፍት መስኮት ሥር ተቀምጦ ደብዳቤ ይጽፋል። በሁለተኛው ሴቷ ደብዳቤውን ታነባለች። ነጩ ግድግዳ፣ ከግራ የሚገባው ረጋ ያለ ብርሃን፣ ነጭ ፀጉር የተዘመዘመበት ቢጫ ጃኬት፣ ሁሉም «ዴልፍት! ዴልፍት!» ይላሉ። ሜትሱ ከዚያ በፊት እንዲህ አይሠራም ነበር።

ግን ሜትሱ ወሬ ይወዳል። ሴቷ ደብዳቤው ሲመጣ ከመቸኮሏ የተነሣ የጣት ቆቧ ወለሉ ላይ ወድቋል። አንዱ ጫማዋም ወልቆ ቀርቷል። ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ይዛዋለች፤ ለብርሃን ይሁን ሠራተኛዋ እንዳታይባት እናንተ ፍረዱ። ሠራተኛዋ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ ቴር ቦርክን አስታወሳችሁ? ግድግዳው ላይ ካለ ሥዕል አረንጓዴውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋለች፤ ከሥሩ መርከቦች በማዕበል ሲናጡ ይታያሉ። በዘመኑ የሆላንድ ግጥም ፍቅርን ከባሕር ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነበር። ሠራተኛዋ የእመቤቷን ልብ እያነበበች ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ሜትሱ በ1667 ገና በ30ዎቹ ሳለ ሞተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1669 አካባቢ፣ ቬርሜር አንድ የደብዳቤ ሥዕል ሠራ። ቢጫ ጃኬት የለበሰች ሴት፣ ደብዳቤ ያቀበለቻት ሠራተኛ፣ ከኋላቸው የባሕር ሥዕል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የወለቁ ነጠላ ጫማዎች። ብድሩ ተመለሰ። እኛ ይህን የምናየው ደግሞ በበር በኩል ነው፤ ደ ሆኽም ድርሻውን አገኘ።

ያ ቢጫ ጃኬት የጋራ ንብረት ነበር?

አይ። ቬርሜር በ1675 ከሞተ በኋላ በተደረገው የንብረት ቆጠራ ላይ ነጭ ፀጉር የተዘመዘመበት ቢጫ የሳቲን ልብስ ተመዝግቧል፤ ስድስት ሥዕሎቹ ላይ እናየዋለን። የቤቱ ዕቃ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጃኬት የደላቸው ሴቶች ቤት ውስጥ የሚደርቡት ነው፤ ሌሎች ሠዓሊዎችም ያገኙታል። ስለዚህ ጃኬት ስላያችሁ ብቻ «ኮረጀ» አትበሉ። ልብሱ ከብርሃኑና ከአቀማመጡ ጋር አንድ ላይ ሲመጣ ነው ነገሩ።

ከሐሳብ ሌላ የእጅ ሙያውንም ይወራረሱ ነበር?

አዎ። ክፍሉ ጥልቀት እንዲኖረው የወለሉ መስመሮች ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ መሮጥ አለባቸው። ቬርሜር ነጥቡ ላይ መርፌ ይሰካና ጠመኔ የተቀባ ክር ያስርበታል፤ ክሩን ወጥሮ ሸራው ላይ ሲያስፈነጥረው መስመር ይወጣል። የመርፌው ቀዳዳ በብዙ ሥዕሎቹ ላይ እስካሁን አለ። ደ ሆኽም በዚሁ ዘዴ ሠርቷል።

ደ ሆኽ አንዳንዴ ወለሉን ጨርሶ ነው ሰው የሚያስገባው። ለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ሁለት ወንዶች ከአንዲት ሴት ጋር የሚጠጡባት ሥዕል አለች። በቀኝ የቆመችውን ሠራተኛ ቀሚስ ተጠግታችሁ እዩት። የወለሉ ንጣፍ በቀሚሷ ውስጥ ዘልቆ ይታያል። በኋላ የመጣች ናት።

እነዚህን ሥዕሎች የት ላያቸው እችላለሁ?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ብሔራዊ ጋለሪው መግቢያው ነጻ ነው፤ የቬርሜር ሚዛን የያዘች ሴትና ደብዳቤ ጸሐፊዋ፣ የቴር ቦርክ፣ የሜትሱና የደ ሆኽ ሥራዎች፣ የኔትሸር ባለበቀቀኗም እዚያ አሉ። ለንደንም ብሔራዊ ጋለሪው ቋሚ ስብስቡን በነጻ ያሳያል። ከመሄዳችሁ በፊት ሥዕሉ ለሌላ ሙዚየም በውሰት አለመሄዱን ድረ ገጻቸው ላይ ማየት ጥሩ ነው።

ሌላ ቦታ ላላችሁ ራይክስሙዚየምም ሆነ የዋሽንግተኑ ጋለሪ ጥራት ያላቸውን ፎቶዎች በነጻ ለቀዋል። ሁለት ሥዕል አውርዱና ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አድርጉ። መጀመሪያ ሰዎቹን ተዉአቸው፤ መስኮቱን፣ ጠረጴዛውን፣ በሩን እዩ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ተመለሱ።

ሚዛን የያዘችውን ሴት ማን ቀደመ፣ ቬርሜር ወይስ ደ ሆኽ?

ባለሙያዎችን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጥያቄ ነው። ሁለቱም በ1664 አካባቢ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ትንሽ ሚዛን የያዘች ሴት ሠርተዋል። አቀማመጧ በጣም ስለሚገጥም አንዱ የሌላውን አይቷል። ችግሩ ቬርሜር ቀን አይጽፍም ነበር፤ ዓመት የተጻፈባቸው ሥራዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀረው ሁሉ ከልብስ፣ ከፀጉር አሠራርና ከቀለም አጠቃቀም የተገመተ ነው። «1664 አካባቢ» የሚለው ቃል ሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ክርክሩ ደግሞ ያለው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

እኔ ቬርሜር ቀደመ ከሚሉት ጋር ነኝ። ደ ሆኽ የሚታወቀው በሰዎች መካከል ባለው ነገር ነው፤ እናትና ልጅ፣ እመቤትና ሠራተኛ። ብቻዋን ዝም ብላ የቆመች ሴት የሱ ጠባይ አይደለችም፤ የቬርሜር ናት። ደ ሆኽ የዴልፍቱን ጸጥታ ወስዶ ወደ አምስተርዳም ሀብት ቀየረው። የሱ ሴት ወርቅ ሳንቲም ትመዝናለች፣ ግድግዳዋም በወርቅ ያሸበረቀ ቆዳ ነው። የቬርሜሯ ሚዛን ግን ባዶ ነው። ድሮ ሥዕሉን ወርቅ ወይም ዕንቁ መዛኟ ይሉት ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። ከኋላዋ የተሰቀለው ደግሞ የመጨረሻው ፍርድ ቀን ሥዕል ነው።

ሥዕል ውስጥ የተሰቀለ የሌላ ሰው ሥዕልስ? እሱም ውሰት ይባላል?

ይባላል፤ ሳይደበቅ የተደረገ ውሰት ነው። የቬርሜር አማት ማሪያ ቲንስ የዲርክ ቫን ባቡረን ሥዕል ነበራት፤ በ1622 የተሠራ፣ አንዲት አቃጣሪ ገንዘብ ስትጠይቅ የሚያሳይ። ቬርሜር በሁለት ሥዕሎቹ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እሱ ራሱም በ1656 በዚሁ ርዕስ ሠርቷል። የቤቱን ዕቃ እያየ ነው የሠራው።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን ድሬስደን ያለችው ደብዳቤ አንባቢ ናት። በ1650ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ናት። ለረጅም ዘመን ከኋላዋ ባዶ ግድግዳ ነበር። ኤክስሬይ ከሥሩ ትልቅ የኩፒድ (የፍቅር አምላክ የሚባለው ሕፃን) ሥዕል እንዳለ ካሳየ በኋላም፣ ቬርሜር ራሱ እንደ ልማዱ ቀንሶ ሸፈነው ተባለ። ከላይ ስለ መቀነስ ያልኩት ሁሉ ይህን ለማመን ያመቻል። ባለሙያዎች ከ2017 ጀምረው ሲያጸዱት ግን በኩፒዱና በላዩ በተቀባው ቀለም መሃል ያረጀ ቫርኒሽና ቆሻሻ አገኙ። በሁለቱ መሃል ብዙ ዓመት አልፏል ማለት ነው። የሸፈነው ሌላ ሰው ነው፤ ቬርሜር ከሞተ በኋላ።

ሽፋኑ ተነሥቶ በ2021 ሥዕሉ ለሕዝብ ታየ። ይሄው ኩፒድ በሌሎች የቬርሜር ሥዕሎችም ውስጥ አለ፤ ለንደን ያለችው ቆማ የምትጫወተው ሴት ጀርባ ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል። በንብረት ቆጠራው ላይም አንድ ኩፒድ ተመዝግቧል። ስለዚህ ይቺን ሥዕል ከቴር ቦርክ ደብዳቤዎች ጋር ስታወዳድሩ የታደሰውን ፎቶ ተጠቀሙ፤ ከ2021 በፊት በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ባዶ ግድግዳ የቬርሜር ሐሳብ አይደለም።